የተደፋው የጥያቄ ወረቀት

ይድረስ፣ ከአባት አሳንሼ ለማላይዎት ለወንድም ጋሼ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደግሜ ደጋግሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ ሲነሱ ቀስፎ የሚይዝዎት ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? ክፍል ውስጥ ወንበር አስገቡልዎት ወይስ ዛሬም ‹‹ተቀምጦ የሚያስተምር ተኝቶ የሚማር ያፈራል›› እያሉ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ባለፈው የላኩልኝ ደብዳቤ መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል። እርስዎ ደግሞ መስመር ያዘነበለ ተማሪ ደብተር ሲያዩ ራስዎን የሚያምዎት ሰው ነዎት፤ እባክዎ መነጽሩን ያስለውጡት። እትዬስ እንዴት ናቸው? ያ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይ? እናታቸው እማማስ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጅ ብቅ ይላሉ? ቀዥቃዣው ልጅዎስ አደብ ገዛ ወይስ ጎረቤቱ ዛሬም ‹‹ከጣሪያችን ላይ አውርዱልን›› እያለ ነው? የጓሮዎቹ ንቦችስ ደህና ናቸው?

እኔ በጤናዬ በኩል የማማርረው የለኝም፤ ተመስገን ነው። ሥራው ያደክማል እንጂ አይከፋም። የምኖርባት ክፍል ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ስለሆነች ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ወለሉ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። እሑድ ግን ይዘጋል፤ ዛሬም እሑድ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ተመቸኝ። ናፍቆታችሁን ልጻፈው ብል ወረቀቱም እኔም አንችለውምና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጭምቷ ልጅዎ በእንግሊዝኛው ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ እንደወደቀች፣ ማዳመጡንም፣ መጻፉንም፣ መናገሩንም አልፋ በንባቡ ብቻ እንደቀረች ጽፈውልኛል። የአስተማሪ ልጅ በንባብ ወደቀች ሲባል ፊቴን ወዴት ላዙር ብለዋል። ውጤቱ ከመጣ ወዲህ እንዳላናገሯትም ጽፈዋል። እሱ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ወደ ሥራዬ ገባሁ፤ የቀረውን ያነበብኩት በማግስቱ ነው። የቀረው ደግሞ ትእዛዝ ነበር። አንቺን ትሰማለች፣ ጠበቅ አድርገሽ ጻፊላት፣ ስንፍናዋን ፊት ለፊት ንገሪልኝ አሉ።

ለመታዘዝ ተቀምጬ ነበር። ስሟን ጻፍኩ፣ እንደምን አለሽ አልኩ፣ ከዚያ እጄ አልሄድ አለኝ። የማስበው ሁሉ ለእሷ ሳይሆን ለእርስዎ የሚባል ሆነብኝ። ስለዚህ ለእሷ ጻፊ ያሉኝን ለእርስዎ ጻፍኩት። ታናሽ ታላቁን ልምከር ብሎ ሲነሳ ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ቢቆጡም ቁጣዎ እኔ ጋ እስኪደርስ ብዙ መንገድ አለበት፣ እስከዚያ ይበርድለታል ብዬ ደፈርኩ።

መጀመሪያ የነገሩን ክብደት ልንገርዎ። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጣቶችን ተቀብሎ ነርስ አድርጎ ያሠለጥናል። የነርሶቹ ኃላፊ በእኔ ቃል አምና ለጭምቷ አንድ ቦታ ይዛላታለች። በመጀመሪያው ፈተና ስትወድቅ ሄጄ ለመንኳት፤ እሺ አለች። በሁለተኛውም ሄድኩ፤ እንደገና እሺ አለች፤ ግን በሩ ላይ ሸኝታኝ እጄን ያዘችና፣ ሌላ ልጅ እየጠበቀች ነው፣ ከሚመጣው ፈተና በኋላ ልጠብቃት አልችልም አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ አልልም። እንግዲህ በወሩ መጨረሻ የምትቀመጥበት ፈተና የመጨረሻዋ ነው። እማማ ታመው የተኙ ጊዜ ያቺ ልጅ እንዴት አገላብጣ እንዳጠበቻቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን እንዳላጠቆረች እርስዎም አይተዋል። ለምን ሥራ እንደተፈጠረች ለመናገር ጠንቋይ አያስፈልግም።

ውጤቱ በመጣ ሰሞን ከጎረቤታችሁ ከልብስ ሰፊው ቤት ስልክ ደወለችልኝ። ነገረችብኝ ብለው እንዳይቆጧት፤ አውጣጥቼ ያናገርኳት እኔ ነኝ። አታልቅሺና በአዳራሹ ውስጥ ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ምንባቡና ጥያቄው በአንድ ላይ ታደሉ። እሷ የጥያቄውን ወረቀት ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችውና ክርኗን ጫነችበት። ከዚያ ምንባቡን ከራሱ ጀምራ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስኬዳ፣ ያልገባት ቃል ሲመጣ ወደ አንቀጹ ራስ እየተመለሰች አነበበች። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ወረቀቱን ቀና አድርጋላት ነበር፤ አመስግና እንደገና ደፋችው። የመጀመሪያውን ምንባብ ስትጨርስ ጥያቄውን ገልጣ መለሰች፤ ብዕር አስቀምጡ ሲባል ጣቷ በሁለተኛው ምንባብ መሐል ላይ ነበረ። ሦስተኛውን ምንባብ ዓይኗ እንኳ አላየውም።

ለምን ደፋሽው ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄዬ ራሱ ነው የገረማት። አባዬ ሳይነበብ ጥያቄ ማየት ሌብነት ነው ይሉ የለም ወይ አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ያኔ እኛን ያስተማሩበት ክፍል ትዝ አለኝ። የአንድ ክፍል ሙሉ ልጅ የፈተና ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣ። እርስዎ የፈተናውን ወረቀት ታች ታቹን አጥፈው፣ ጥያቄው እንዳይታይ እጥፋቱን በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት ነበር። ጨረስኩ ያለ ልጅ እጁን ያወጣል፤ እርስዎ በዚያ በሚጮኸው ጫማዎ ቀስ እያሉ ይመጡና ምን አነበብክ ይሉታል። በራሱ ቃል ከነገረዎት ቁልፉን ይፈቱለታል፤ ከተንተባተበ ወደ ራስጌው ይመለሳል። ‹‹ሳይጠራ ገብቶ ድስት የሚከፍት እንግዳ አላችሁ?›› ይሉን ነበር። እኔ በዚያ ቁልፍ አድጌአለሁ። አሁንም አፌን ሞልቼ የምናገረው፣ ከዚያ ክፍል የወጣ ልጅ ያነበበውን ያውቃል። ጭምቷ ስንፍና አልጣላትም። የጣላት፣ እርስዎ በሌሉበት አዳራሽ ገብታ፣ ማንም ሳያዛት፣ የእርስዎን ቁልፍ በክርኗ መቆለፏ ነው።

እኔንም ያው ነበር የጣለኝ። መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ጥያቄውን አልደፋሁትም እንጂ አላየሁትም። አንዱ ምንባብ ስለ ጀልባ ሠሪዎች ነበር፤ የሳንቃውን ስንጥቅ የሚደፍኑበትን ነገር የሚጠራ አንዲት ቃል መጣች። ከየት አባቴ ላምጣት? ትቻት ልለፍ ብል እግሬ አልሄድ አለኝ። ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ እሷ በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ስለዚያች ቃል አንድም ጥያቄ እንዳልነበረ ያወቅሁት ከወጣን በኋላ አብረውኝ የተፈተኑት ሲያወሩ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። የምንማረው በትንንሽ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበር፤ ወንበሮቹ ከማነሳቸው የተነሳ አጠገቤ የሚቀመጠው ግዙፍ ግንበኛ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ነው የሚጽፈው። አስተማሪያችን ሰዓቷን ከሹራቧ እጅጌ በላይ የምታስር ቀጭን ሴት ናት፤ እኛ በመሐላችን ወይዘሮ ሰዓት እንላታለን። በመጀመሪያው ቀን ስለ አንድ ድልድይ የተጻፈ ረጅም ገጽ አደለችንና፣ ድልድዩ የተዘጋው መቼ ነው አለች። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ግንበኛው መለሰ። ገና አላነበብኩትም እኮ ብዬ ተቃወምኩ። እሷም፣ አንብቢው ያለሽ የለም፣ የተዘጋው መቼ ነው ነው የተባልሽው አለችኝ። ያን ሳምንት እንዴት አድርጌ እንደጠላኋት አይጠይቁኝ። እርስዎን የሰደበችብኝ መሰለኝ።

እያደር ግን ነገሯ ገባኝ። ይህ ፈተና ንባብ ይባል እንጂ እኛ ንባብ የምንለው አይደለም። እቃ የጠፋበት ሰው ቤቱን ሲፈትሽ ያህል ነው፤ የጠፋው መርፌ ይሁን ምጣድ ሳያውቅ ፍለጋ የሚገባ የለም። ስለዚህ ጥያቄው አስቀድሞ ይታያል። በጥያቄው ውስጥ መልካቸውን የማይለውጡ ቃላት አሉ፤ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቁጥር፣ ዓመት። ከሥራቸው ታሰምርባቸዋለች። የቀሩት ቃላት ግን ምንባቡ ውስጥ ልብሳቸውን ለውጠው ነው የሚገኙት። ጥያቄው ድሃ ካለ ምንባቡ እጁ ያጠረው ይላል፤ ጥያቄው ተጣሉ ካለ ምንባቡ ዓይንና ናጫ ሆኑ ይላል። ልጅቱ ለዚህ አታንስም፤ የእርስዎ ልጅ ሆና አንድ ነገር ብዙ ስም እንዳለው ሳታውቅ አላደገችም። ብቻ የጥያቄውን ቃል በቁሙ ምንባቡ ውስጥ ስታገኘው ደስ እንዳይላት ይንገሯት። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ወጥመድ ነው፤ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው።

ምንባቡን ሳትነካ ትተወው ማለቴ አይደለም። ርእሱን ታያለች፤ ከዚያ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ አንዳንዴም የመጨረሻውን፣ ሳትቆም ታልፍበታለች። በዚያ የትኛው አንቀጽ ስለ ምን እንደሚያወራ ታውቃለች። ከዚያ ጥያቄው ወደሚወስዳት አንቀጽ ትሄዳለች፤ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ነው የእርስዎ ንባብ የሚያስፈልገው። ያቺን ቦታ ቀስ ብላ፣ ከፈለገችም በጣቷ፣ እስከ ነጥቧ ድረስ ታንብባት። ሌላው ይቅር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ የእርስዎን ቤት ልጆች ሁሉ የሚጥል። ዓረፍተ ነገር ይሰጡና እውነት ነው፣ ሐሰት ነው ወይስ ምንባቡ ውስጥ አልተጠቀሰም ይላሉ። ጭምቷ በመጀመሪያው ምንባብ የደረሳት ስለ ንብ የተጻፈ ነበር። ስታየው ደስ ብሏት ነበር፤ ከቀፎ ሥር ያደገች ልጅ አይደለችም ወይ! ጭስ ንብን ያረጋጋል የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። አላመነታችም፣ እውነት ብላ ጻፈች። እርግጥ እውነት ነው፤ ከእርስዎ ጋር ጭሱን ይዛ ስንት ጊዜ ቆማለች። ምንባቡ ግን ስለ ጭስ ትንፍሽ አላለም። መልሱ አልተጠቀሰም ነበር። የሚፈልጉት እሷ የምታውቀውን ሳይሆን ወረቀቱ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ መልስ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ወረቀቱ ተቃራኒውን ከተናገረ ሐሰት፣ ዝም ካለ አልተጠቀሰም። ይህችን ነገር ለመልመድ እኔን ወራት ወስዶብኛል፤ የማውቀውን እንደማላውቅ መሆን ለካ ከባድ ነው።

ስለ ሰዓቱም ልንገርዎ። ምንባቡ ሦስት ነው፣ ጊዜው ለሦስቱም አንድ ሰዓት ብቻ። መልሱን ወደ መልስ ወረቀት መገልበጫ ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ ጊዜ የለም፣ እዚያው እያለች ትጻፈው። የመጨረሻው ምንባብ ከሁሉ ይከብዳል፤ ግን ለከባዱም ለቀላሉም ጥያቄ የሚሰጠው ነጥብ እኩል ስለሆነ፣ አንዱ አልፈታ ካለ ምልክት አድርጋበት ትሂድ፤ ጊዜ ከተረፋት ትመለሳለች። ለስህተት የሚቀነስ የለምና ምንም ባታውቅ ገምታ ትሙላ፤ ባዶ የተወችው ግን ባዶ ነው። ከሁለት ቃል ባልበለጠ መልሺ ሲሏት ሦስት ከጻፈች ትክክለኛው መልስ ራሱ ይሰረዛል። ይህን ሁሉ እርስዎ ለተማሪዎችዎ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እንደኖሩ ረስቼ አይደለም። ልክ ነው፣ ይሄዳል። ያ እንቁላል ግን በር የሚዘጋበት የለም፣ ወንድም ጋሼ። ጭምቷን ይዘጉባታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሲደርሱ ፊትዎ ሲለወጥ ይታየኛል። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ከንቱ ነው እያለችኝ ነው ይሉ ይሆናል። እንደሱ እንዳያስቡብኝ እለምንዎታለሁ። በመጦሪያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዓይናቸው የጠፋ አንዲት አሮጊት አሉ። መስኮት በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ገባ፣ ብርዱ ገባ ስለሚሉ እኛ ሠራተኞቹ እሜቴ ብርዱ እንላቸዋለን። እህታቸው ደብዳቤ ትልክላቸዋለች፤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች ፍሬ ነገሩን ብቻ ይነግሯቸው ነበር፤ እህትዎ ደህና ናት፣ ሰላም ብላለች ብለው ይወጣሉ። እኔ ግን አንዲት ቃል አልዘልም። የማይረባውንም፣ ስለ ድመቷ የተጻፈውንም፣ የተሰረዘውንም ጭምር አነብላቸዋለሁ፤ ያልሰሙት ካለ ወደ አንቀጹ ራስ እመለሳለሁ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አድርገው ጸጥ ብለው ይሰማሉ። አንድ ቀን፣ ማን ነው እንዲህ ማንበብ ያስተማረሽ አሉኝ። ወንድሜ ነው አልኳቸው። ስለ እርስዎ ብዙ ነገርኳቸው፤ ስለ መርፌ ቁልፉም ነገርኳቸውና ሳቁ። የእርስዎ ንባብ ለሰው የሚሆን ንባብ ነው። እኔ ሰው ፊት ስቀመጥ ሌላ ንባብ አላውቅም፣ አልፈልግምም። የአዳራሹ ግን ሌላ ነው፤ እሱ በር ማለፊያ ብቻ ነው።

ያለፍኩ ቀን የተሰማኝንም ለማንም አልነገርኩምና ለእርስዎ ልንገርዎ። ሦስተኛው ምንባብ ስለ አንዲት መበለት ነበር፤ ባሏ ባሕር ገብቶ ያልተመለሰ። መልሶቼን አገኘሁና ሰዓቱን አየሁ፤ ደረሰ። ሴትየዋ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወረቀቱን ሰጠሁ። ስወጣ፣ እያወራችኝ ያለች ሴት መሐል ላይ ጥያት የሄድኩ መሰለኝ። በደጁ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሌሎቹ የደስታ መሰላቸው። ስለዚህ ልጅቱን እንድትተው ስነግራት ቀላል ነገር እንደሆነ አድርጌ አልነገርኳትም፤ ለእርስዎም ቀላል ነው አልልም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ለእሷ በስልክ ነግሬአታለሁ። እሺ አክስቴ፣ እሺ አክስቴ አለች። ልጅቱ እሺ ማለት አያቅታትም። ልብስ ሰፊው ቤት ተቀምጣ፣ እኔ ሰዓት ይዤላት፣ አንድ ምንባብ በስልክ ሞከርን። አሁን ተዪውና እለፊ ስላት እሺ ትላለች። ቆይቼ የት ደረስሽ ስላት ከራስጌው ጀመርኩት ትለኛለች። ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቴም ያው። በመጨረሻ ተናደድኩና ምን ሆነሻል አልኳት። ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ ልዘል ስል አባዬ ከኋላዬ ሲመጡ ጫማቸው ይሰማኛል።

በዚህ ምክንያት ነው ለእሷ መጻፍ ያቃተኝ። እኔ ብመክራት፣ ወይዘሮ ሰዓት መጥታ ብታስተምራት፣ ያቺ ልጅ አትፈታም። ያሰሯት እርስዎ ነዎት፣ ወንድም ጋሼ፤ በክፋት አላልኩም፣ በፍቅር ነው፣ ግን አስረዋታል። የሚፈታትም ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምረው ከጠረጴዛው ፊት ያስቀምጧት። የጥያቄውን ወረቀት በእጅዎ ይስጧት፣ ምንባቡን አስከትለው። ያንን የግድግዳ ሰዓት አውርደው እፊትዎ ያድርጉት። ለአንዱ ምንባብ የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ፣ በመስመር መሐልም ብትሆን፣ ጣቷ ቃል ላይም ቢሆን፣ ወረቀቱን ከእጇ ይውሰዱት። ከልጅ እጅ መጽሐፍ ቀምተው እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሌላ ሰው ሳይሆን እርስዎ መሆን ያለብዎት። ቀና ብላ ታይዎታለች። አጥፍቻለሁ ብላ ትፈራለች። ያኔ እባክዎ ፊትዎን አያዙሩባት። እለፊ ልጄ ይበሏት። የቀረውን ተዪው፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ እለፊ ይበሏት። በየቀኑ ይበሏት። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ የሚከተላት ድምፅ ይኸኛው ይሁን።

ብታልፍ ደስታዬን አልችለውም። ብትወድቅም፣ አባቷ እያናገራት ትውደቅ። ተኮርፋ የምትገባበት ፈተና ከመግባቷ በፊት ያለቀ ነው።

በቃሁ። ከልክ አልፌ ከሆነ ያሳደጉኝ ነዎትና ይቅር ይበሉኝ። እትዬን ጉንጭዎን ስሜአለሁ ብላለች ይበሉልኝ፤ ለሳላቸው የሚሆን ወፍራም ሹራብ ጀምሬላቸዋለሁ፣ አንዱ እጅጌ ቀርቶታል። የእማማን ጉልበት ስሜአለሁ፤ ምርቃታቸው እዚህም ይደርሳል፣ አያቋርጡብኝ። ቀዥቃዣውን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገው ይሳሙልኝ፤ ከጣሪያ ወርዶ መጽሐፍ ከያዘ እኔም እሱም እንገረማለን። ልብስ ሰፊውን ስለ ስልኩ አመስግኑልኝ፤ ውለታው አለብን። ሰላም ላሉኝ ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ለጭምቷም ብዙ ሰላምታ አለኝ። የእሷን ግን በእትዬም፣ በወንድሟም እንዳይልኩት። ከክፍሏ ይጥሯትና፣ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ እርስዎ በአፍዎ ያድርሱልኝ።

ታናሽ እህትዎ

ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በየካቲት መጀመሪያ